መኪናውን ማን ይጠብቃል

አቶ ኃይለማርያም በአፋር በረሃ አራት ዓመት ሙሉ የአጥንት ፈላጊዎች ሾፌር ሆነው ሲሠሩ አንድም ቀን አጥንት ከመሬት ሲወጣ አላዩም። ፈረንጆቹ ጎህ ሲቀድ መዶሻና ብሩሻቸውን ይዘው ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ፤ እሳቸው ላይ፣ ከላንድሮቨሩ ጥላ ሥር ይቀራሉ። የሾፌር ሥራ መኪናውን መጠበቅ ነውና። ውኃው እዚያ ነው፣ ነዳጁ እዚያ ነው፣ ከዚያ መኪና ሌላ ሰውን ከበረሃው የሚያወጣ ነገር የለም። ሲመሽ ፈረንጆቹ የሆነ ነገር በሽንት ቤት ወረቀት ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈው ይመጣሉ። እሳቸው ደግሞ ጥቅልሉን በሣጥን ደርድረው፣ በዚያ ሁሉ ኮረኮንች ሳይሰበር አዲስ አበባ ያደርሳሉ። ውስጡን ግን ማንም ገልጦ አላሳያቸውም።

«ስንቱን የጥንት ሰው አሳፍሬያለሁ፣ አንዱም ፊቱን አላሳየኝም» ይሉ ነበር።

ልጃቸው የሺእመቤት ይህን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምራ ስለሰማችው መስማት ትታ ነበር። እንደ አዲስ የሰማችው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1987፣ ጁላይ መጀመሪያ ላይ፣ አትላንታ ውስጥ በአንድ የዓይን ሐኪም ክፍል ነው። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ትልቅ ክብ ሠራ፤ በውስጡ አነስ ያለ ክብ፣ በዚያም ውስጥ የአተር ፍሬ የሚያህል ክብ ጨመረ። የሺእመቤት ቃሉን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመች፦ የዓይን ግፊት ነው፣ ከዳር ወደ መሐል ይዘጋል፣ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልስም፣ ምናልባት የፈረንጅ ገና ሲደርስ መሐሉም አይኖርም።

አባቷ ትንሿን ክብ ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት።

«እንግዲያው ከገና በፊት ምን ልይ?» አሉ።

የሺእመቤት አዲስ አበባ የቀረችውን እኅቷን ደጊቱን ይሉኛል ብላ ፈርታ ነበር፤ በሱዳን በኩል ለወጣ ሰው ደግሞ በዚያን ጊዜ መመለስ የሚባል ነገር የለም። እሳቸው ግን ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከተጠባባቂዎች ክፍል መጽሔት የገነጠሉት ገጽ ነው። ዩታ የሚባል አገር በረሃ ላይ ያለ ገደል፤ ገደሉ ላይ እንደ ግድግዳ ጌጥ ተጣብቆ የቀረ የዳይኖሰር አጥንት፣ ጭኑ፣ ጎድኑ፣ አከርካሪው። አጥንቱን ከማውጣት ይልቅ ገደሉን እንዳለ ትተው ቤት ሠርተውለታል።

«ይኸን» አሉ። «ይኸኛው ደግሞ በወረቀት አልተጠቀለለም።»

የሺእመቤት የሆስፒታል ረዳት ነበረች። ሱፐርቫይዘሯን ለምና፣ የሁለት ሰው ፈረቃ ሸፍና፣ ከኦገስት አንድ ጀምሮ የአንድ ሳምንት ቫኬሽን አገኘች፤ ከዚያ ሌላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የላትም። መኪና ያለው ደግሞ ተገኝ ነው። ተገኝ ታክሲ የሚነዳ፣ ከብሪያርክሊፍ መንገድ ማዶ የሚኖር፣ ሚስት ያጣ ቀልደኛ ነው። የራሱ መኪና ጎኑ እንጨት መሳይ ቀለም የተቀባ፣ የኋላ ወንበሩ የሚታጠፍ ረጅም ስቴሽን ዋገን ነበር። ነገሩን ሲነግሩት ለማሰብ እንኳ ቁጭ አላለም።

«አባባ፣ ለአጥንት ነው የምንሄደው?»

«ለአጥንት ነው።»

«ሥጋ ያለበት ቦታ ብንሄድ አይሻልም?» አለና ካርታ ሊገዛ ወጣ።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ የየሺእመቤት ሳሎን ምንጣፍ አሜሪካ ሆነ። ካርታው ከሶፋው እግር እስከ ቴሌቪዥኑ ይዘረጋል። አቶ ኃይለማርያም ይንበረከኩና መዳፋቸውን ከሁለቱ ጉንጫቸው አጠገብ አድርገው፣ እንደ ጋሪ ፈረስ ዓይናቸውን ከልለው፣ ከጆርጂያ ወደ ቴነሲ ቀስ እያሉ ይሳባሉ።

«በአንድ ጊዜ አንድ ስቴት ብቻ ነው የሚታየኝ» አሉ። «ይሻላል። ሁሉን በአንዴ ባየው እፈራለሁ።»

ውኃ የሚገኝበት ቦታ ላይ ሁሉ አንድ ፍሬ ሽምብራ ያኖራሉ። ካንሳስ ላይ ሲደርሱ ሽምብራውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

«ተገኝ፣ ካንሳስ ላይ ውኃ የት የት አለ?»

«አባባ፣ በየሃያ ማይሉ ነዳጅ ማደያ አለ። ውኃ አለ፣ በረዶ አለ፣ ሀምበርገር አለ።»

«የማደያው ሰውዬ ቢታመምስ?»

«ሌላ ሰው ይተካዋል።»

«ሁለቱም ቢታመሙስ?»

ተገኝ የሺእመቤትን አየት አደረገ። «ሁለት ጀሪካን እንያዝ» አለ።

«ሦስት» አሉ አቶ ኃይለማርያም፣ ሽምብራውን ኪሳቸው እየከተቱ።

የጉዞው ዝርዝር በእሳቸው እጅ፣ በትልልቅ ፊደል ተጻፈ። ሦስት ጀሪካን ውኃ። ሁለት ትርፍ ጎማ። አካፋ። ገመድ። ለእያንዳንዱ መንገደኛ አንድ ጋቢ፣ የበረሃ ሌሊት ይበርዳልና። ሃያ አራት ጥቅል የሽንት ቤት ወረቀት።

«አባባ፣ አጥንቱን እኮ አያስነኩንም» አለ ተገኝ።

«ማን ይነካል አልኩህ? ወደ አጥንት ያለ ወረቀት አይኬድም። ልማድ ነው።»

«ይኸስ? ‹ለባላገሩ የሚሰጥ ስኳርና ትምባሆ› ይላል።»

«ሰው አገር ስትገባ ባዶ እጅህን አትገባም። መንገድ የሚያሳይህ ባላገሩ ነው።»

«የዩታ ባላገር ትምባሆ አያጨስም። ሃይማኖቱ ነው የሚከለክለው።»

አቶ ኃይለማርያም ይህን በጣም አከበሩት። ትምባሆውን ሰረዙና «እንግዲያው ስኳሩን እናብዛው» አሉ።

አንድ እሑድ ደግሞ ለሙከራ አወጧቸው። ሊቶኒያ ድረስ ሃያ ደቂቃ ነድተው፣ ከመንገድ ዳር ቆመው ጎማ መቀየር ተለማመዱ። ጎማው ምንም አልሆነም፤ መቀየሩ ግን ግዴታ ነው። የሺእመቤት በመጀመሪያው ሙከራ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀች። አባቷ ሰዓታቸውን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው «ጅብ በልቶሻል» አሏት። በሁለተኛው አሥራ አራት። «እግርሽን በልቶሻል።» በሦስተኛው፣ እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሮ፣ ዘጠኝ። በዚያ መሐል አራት ጊዜ አሜሪካውያን እንርዳችሁ እያሉ ቆሙ። አራተኛው፣ አንድ ሽበታም ሰውዬ፣ የወለቀውን ጎማና የገባውን ጎማ እያፈራረቀ አየና «ሁለቱም እኮ ደህና ናቸው» አለ። «እናውቃለን» አለው ተገኝ። ሰውዬው ወደ መኪናው ሲመለስ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ። ሦስቱም ከሣሩ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

የሺእመቤት ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ያነበበችው ግን በማግስቱ ሥራ ቦታ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ከታች፣ ከሁሉ በኋላ፣ እንዲህ ይላል፦ «መኪና የሚጠብቅ፦ ኃይለማርያም።»

ማታ ወረቀቱን ከፊታቸው አስቀመጠችው።

«አባባ፣ እርስዎ መኪና ከጠበቁ አጥንቱን ማን ያያል?»

መዳፋቸውን በጉንጫቸው አድርገው አነበቡት። የራሳቸው ጽሑፍ እንግዳ ሆነባቸው። «እንዴ» አሉ በቀስታ። «እጄ ነው የጻፈው።»

«እንሰርዘው።»

«ሰርዘሽ በማን ትተኪዋለሽ? አንቺ ደረጃውን አይቶ የሚመራኝ ሰው ነሽ።»

«እኔ እጠብቃለሁ» አለ ተገኝ።

«አንተ ሁለት ሺህ ማይል ነድተህ? እንቅልፍ ወስዶህ መኪናውን ከነአንተ ይዘውህ ይሄዳሉ።»

«አባባ፣ ፓርኪንግ ነው እኮ። ይቆለፋል።»

«በረሃ ላይ ውኃ የጫነ መኪና ያለ ሰው አይቆምም» አሉና ብዕሩን አስቀመጡ። ከዚያ ወዲያ የተነገራቸው ሁሉ ከጆሯቸው አልገባም። የሺእመቤት የዚያን ምሽት የገባት ነገር አስጨነቃት፦ አባቷ ዩታ ድረስ ሄደው፣ ከገደሉ መቶ እርምጃ ርቀት ላይ፣ በጀሪካን ተደግፈው ሊቀሩ ይችላሉ።

ሌላው ሕጋቸው ምስጢር ነበር። የሚነሡበት ቀን ለማንም አይነገርም። በረሃ የሚገባ ሰው ቀኑን አያወራም፤ ከዚያም በላይ ወሬው ከወጣ ግማሽ አትላንታ ዴንቨር ላለች እኅቱ እሽግ ያሸክማቸዋል። ስለዚህ ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤት በገባች ቁጥር ብርድ ልብስ ካርታው ላይ ይጣላል።

ጎረቤቷ እትዬ ኤልፍነሽ ናቸው። ልብስ ሰፊ፣ ከአምሳ ዓመት ያለፉ፣ በር ማንኳኳት የማያውቁ። በሐበሻው ዘንድ ግን የሚታወቁት በመርዶ ነው። በአትላንታ መርዶ ቅዳሜ ነው፤ በሥራ ቀን ሰው ስለማይገኝ፣ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ቢመጣ ባለቤቱ እንዳይሰማ ተደብቆ እስከ ቅዳሜ ይቆይና ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ በሩ ላይ ይቆማል። ማን ያንኳኳ፣ ማን ከኋላ ሆኖ ይደግፍ፣ ንፍሮውን ማን ይቀቅል የሚሉት እትዬ ኤልፍነሽ ናቸው። ያለ እሳቸው የተነገረ መርዶ በከተማው አልነበረም።

እና እትዬ ኤልፍነሽ አንድ ማክሰኞ ሲገቡ ያዩት ይህ ነው፦ ሦስት ሰው ድንገት ዝም አለ። ተገኝ ጣራ ጣራ ያያል። አቶ ኃይለማርያም «ስለ ዝናቡ ነበር የምናወራው» አሉ፤ ዝናብ ከዘነበ ሦስት ሳምንቱ ነው። የሺእመቤት ደግሞ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በእጇ ይዛ ወጥ ቤት ገባች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

በማግስቱ ደረጃው ላይ ያዟት።

«የሺዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«ትናንት አይቼሻለሁ። እኔ ልጅ አይደለሁም፣ ገብቶኛል።»

የሺእመቤት ምስጢሩ የወጣ መሰላት። «እትዬ፣ በሞቴ እስከ ቅዳሜ ለማንም እንዳይነግሩ። አባባ ከሰሙ ይቆጡኛል።»

የእትዬ ኤልፍነሽ ዓይን እንባ ሞላ። እጇን ጭምቅ አድርገው «እግዚአብሔር ያበርታሽ፣ ልጄ» ብለው ወጡ። ለአንድ ሳምንት ጉዞ ይህ ሁሉ ምርቃት የሺእመቤትን ትንሽ ገረማት፤ ግን ደስ አላት።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ተገኝ እንደታዘዘው መጣ። ጎረቤት እንዳይነቃ በር አታንኳኳ ተብሏል፤ ጋቢህን እንዳትረሳ ተብሏል። ስለዚህ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ነጭ ጋቢ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እንቅልፉን ለመዋጋት አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሎ ቆመ። እትዬ ኤልፍነሽ በመስኮት አዩት። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈልጋሉ? ስንዴውና ሽምብራው ከሐሙስ ጀምሮ ተነክሯል፣ ሌሊቱን በስሏል፣ ሰዎቹም ተነግሯቸው መኪናቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል አቶ ኃይለማርያም ባርኔጣቸውን አድርገው በሩን ከፈቱ። እሳቸው የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ተገኝን አዩ። አንገታቸውን ሲያዞሩ እትዬ ኤልፍነሽን፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ሲያዞሩ ሌላ ሰው። ሲያዞሩ ሌላ። ከተገኝ ሌላ አሥራ አንድ ሰው ቆጠሩ።

«ሁላችሁም ልትሄዱ ነው?» አሉ። «መኪናው አይበቃም።»

«ወይኔ፣ ደጊቱዬን» ብለው እትዬ ኤልፍነሽ ደረታቸውን መቱ፤ አሥሩም ተከተሉ።

የሺእመቤት ጀሪካን ተሸክማ ከኋላ ስትደርስ የሰማችው የእኅቷን ስም ነው። ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ። ደጊቱ የስኳር ሕመምተኛ ናት። እትዬ ኤልፍነሽ ደግሞ ያልሞተ ሰው አልቅሰው አያውቁም። አባቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

«መቼ?» አለች የሺእመቤት።

እትዬ ኤልፍነሽ ለቅሶውን አቋረጡ። «እንዴት መቼ ትይኛለሽ? የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ምን አልኩ?»

«እስከ ቅዳሜ ለማንም አይንገሩ አላልሽም? አገር ቤት የቀረችሽ ደግሞ ደጊቱ ናት። እሱስ ጋቢ ለብሶ ምን ያደርጋል?»

ሁሉም ወደ ተገኝ ዞረ። ተገኝ ጋቢውን አየው። «በረሃው ይበርዳል ተብዬ ነው» አለ።

አቶ ኃይለማርያም ከተቀመጡበት እጃቸውን አነሡ። «ስልክ» አሉ።

ኦፕሬተሯ አዲስ አበባን እስክታገኝ ሃያ ደቂቃ ወሰደባት። በዚያ ሃያ ደቂቃ ማልቀስም ማቆምም አስቸጋሪ ስለነበረ ሰዉ በዝቅታ፣ በጥንቃቄ ያለቅስ ነበር። ተገኝ ከመኪናው የሽንት ቤት ወረቀት አምጥቶ አንድ አንድ ጥቅል አደለ። አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን አልፏል። ስልኩ አራት ጊዜ ጮኸና ተነሣ።

«ሃሎ» አለች ደጊቱ ራሷ። ከዚያ ከአሜሪካ መሆኑን ስታውቅ፣ «ማን ሞተ?»

የሺእመቤት መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ሳግ ቀደማት፤ ደጊቱም ሳጉን ሰምታ እዚያ ጮኸች፤ የደጊቱ ጎረቤቶች ሲሯሯጡ በስልኩ ተሰማ። አቶ ኃይለማርያም መነጋገሪያውን ነጠቁ።

«ደጊቱ፣ ዝም በይ። እኔ ነኝ። ደህና ነኝ። ሁላችንም ደህና ነን። አጥንት ልናይ ልንሄድ ነው።»

«የማን አጥንት?»

«የማንም አይደለም። የእንሽላሊት ነው።»

«አባባ» አለች ደጊቱ፣ «እውነት ደህና ነዎት?»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ምናልባት ተገኝ ነው። ከዚያ ግን ሳቁ እንደ ለቅሶው ከአንዱ ወደ አንዱ ተላለፈ፣ በተመሳሳይ ወረቀት ተጠራረጉ፤ እትዬ ኤልፍነሽ ብቻ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቆሙ።

«በለቅሶ የተጀመረ መንገድ ደግ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «የኔ ጥፋት ነው። ለሚመጣው ሳምንት ይሁን።»

«ለሚመጣው ሳምንት ልጄ ሥራ ናት» አሉ አቶ ኃይለማርያም። «ዓይኔም ቀጠሮ አያውቅም። እንባው ከከፋችሁ ለኔ ቀብር ይያዝልኝ። ደግሜ አላስቸግራችሁም።»

ከሦስት ዓመት በኋላ ቀናቸው ደርሶ ሲቀበሩ፣ እትዬ ኤልፍነሽ ከሰዉ ተለይተው ከመኪናዎቹ አጠገብ ቆመው ነበር። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እሳቸውን አስቀድሜ አልቅሻቸዋለሁ» አሉ። ነጠላቸው ግን እስከ ጫፉ ርሶ ነበር።

የዚያን ጠዋት ግን ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ የሺእመቤትም እየሳቀች ወደ ዋገኑ ስታይ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«እትዬ» አለች። «መኪና መጠበቅ ይችላሉ?»

አቶ ኃይለማርያም አንገታቸውን አዙረው እትዬ ኤልፍነሽን ፈልገው አገኟቸው። እንደ አዲስ ረዳት መረመሯቸው።

«ወይዘሮ ኤልፍነሽ፣ ያንቀላፋሉ?»

«እኔ?» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ ተቆጥተው። «አስከሬን ስጠብቅ አድሬ አላንቀላፋሁም።»

ዝርዝሩ ከኪስ ወጣ። «ኃይለማርያም» የሚለው ተሰረዘ፤ «ኤልፍነሽ» ተጻፈ። ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ እትዬ ኤልፍነሽ ሻንጣቸውን፣ ጋቢያቸውንና ያልተጠናቀቀ የሙሽራ ቀሚስ ይዘው ወረዱ። ንፍሮው በትልቅ ድስቱ ከነክዳኑ ተጫነ። ሊያለቅሱ የመጡት የያዙትን ዳቦም ጨመሩላቸው። ግቢውን ሲወጡ አሥሩም እጃቸውን እያውለበለቡ ነበር፤ አንዲቱ «ዴንቨር እኅት አለችኝ» እያለች እስከ መታጠፊያው ሮጠች።

ቴነሲን በንፍሮ አለፉ፣ ሚዙሪን በንፍሮ። ካንሳስ ላይ የአንድ ነዳጅ ማደያ ሰውዬ ሳል እያጣደፈው ሲያስተናግዳቸው አቶ ኃይለማርያም ዞረው ተገኝን አዩት።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ገደሉ ጋ ደረሱ። የሺእመቤት አባቷን በክንዳቸው ይዛ ደረጃውን ስትወጣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብለው ወደ ፓርኪንጉ አዳመጡ። ከዚያ ገቡ። ሌላው ጎብኚ ግድግዳውን በአንድ እይታ አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። እሳቸው ከግራው ጫፍ ጀመሩ። መዳፋቸውን በጉንጫቸው አድርገው፣ አንድ ጎድን፣ ቀጥሎ አንድ ጎድን፣ ቀጥሎ አንድ ጭን፣ እንደ መጽሐፍ መስመር በመስመር። ምሳ ሰዓት አለፈ። የሺእመቤት ከእሳቸው ጋር ስታይ፣ ከዚያ በፊት ሙሉውን አይታ የጨረሰችው ግድግዳ ላይ አንዱንም እንዳላየች ታወቃት። ከመሐል ላይ፣ ከድንጋዩ ግማሹን አውጥቶ የቀረ ራስ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሱም። ከኪሳቸው የሽንት ቤት ወረቀት አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉና እንደገና አዩ።

ሲወጡ እትዬ ኤልፍነሽ የፊት ወንበር ላይ ናቸው። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ጭናቸው ላይ አካፋው፣ አካፋው ላይ የሙሽራዋ ቀሚስ።

«ሰው መጣ?» አሉ አቶ ኃይለማርያም።

«አንድ ባላገር መጣ። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ፣ ወጣት። ሙቀቱ እንዳይጎዳሽ መሰለኝ የሚለኝ። ስኳሩን ሰጠሁት።»

«ተቀበለ?»

«መጀመሪያ አልቀበልም አለ። ኋላ አካፋውን ሲያይ ተቀበለ።»

አቶ ኃይለማርያም በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጀሪካኖቹን በእጃቸው እየነኩ ቆጠሩ፤ ሦስቱም አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ከእሳቸው ጎን የተቀመጡት።

«ታዲያ» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ፣ መርፌያቸውን እየሰኩ፣ «ፊቱን አሳየዎት?»

«አሳየኝ።»

«ምን ይመስላል?»

«ጥርሱ ሁሉ አለ» አሉ። «ከኔ ይሻላል።»